አላዋቂዎቹ ተማሪዎቼ

ሰኞ፣ ሚያዝያ 6

መጡ! አሥራ ሁለቱም የስፌት መኪናዎች መጡ! አዳዲስ፣ በኤሌክትሪክ የሚሠሩ፣ ላስቲካቸው እንኳ ያልተቀደደ። የሴቶች ስፌት ሥልጠና ፕሮጀክቱን ኃላፊ ሁለት ወር ሙሉ ስነዘንዘው ከርሜ… እስከ ዛሬ ስፌት በሥዕል ነበር የማስተምረው።

ሌላው ቀን እንደ ወትሮው ነው። የአከራዬን ደረጃ ወረድኩ፣ በዳቦ ቤቱ ጥግ ታጠፍኩ፣ የሥልጠናው አዳራሽ ገባሁ። በሃምሳ ሁለት ዓመቴ፣ በአሥራ ሁለተኛ ክፍል ወረቀት፣ ሰው አገር በጎ ፈቃደኛ መምህርት! እህቴ ስልክ ላይ ምን አለች? የራስሽን ሰፈር ሳታለሚ የሰው አገር ልታለሚ ሄድሽ… ትበል። ሃያ ስድስት ዓመት ልብስ ሰፍቻለሁ፤ የማውቀውን ባካፍል ምን ይጎዳኛል?

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 15

ስምንት ቀን ሙሉ ቀጥ ያለ ስፌት። ስምንት ቀን! አሥራ ሁለቱም ሠልጣኞቼ ደጎች ናቸው፣ ግን መስመራቸው እንደ ሰካራም መንገድ ይጠማዘዛል። አንዷ ስታጣምም ሌሎቹ አንገታቸውን ይደፋሉ፣ ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። አፍረው ይሆን? አንጀቴን በሉት። የባሱት ትልቋ ሴትዮ ናቸው፤ ቃል ከአፋቸው ስለማይወጣ በልቤ እማማ ዝምታ ብያቸዋለሁ። ክር መርፌ ውስጥ ለማስገባት እንኳ እኔን ይጠብቃሉ። አይዞዎት፣ ቀስ በቀስ ይለምዱታል አልኳቸው።

ኃላፊው ለአለቆቹ የሚልከው ሰንጠረዥ አለው፦ «የተለወጡ ሴቶች ቁጥር»። እስካሁን ዜሮ።

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 28

እየሳቅኩ ነው የምጽፈው…

ከዋናው ቢሮ እንግዶች ሊመጡ ሩብ ሰዓት ሲቀር የምወደው ቀሚሴ ዚፕ ተተረተረ። ከላይ እስከ ታች! እማማ ዝምታ ብድግ አሉ። ቀሚሱን አስወለቁኝ፣ ጋውን ደርቤ መጋረጃ ጀርባ ቆምኩ። በቀዳዳ ሳይ… አሮጌውን ዚፕ ነቀሉ፣ ከቦርሳቸው ሌላ አወጡ፣ ክሩን ሳያዩ በአንድ ጊዜ አሳለፉት። ያ መኪና በእጃቸው ዘፈነ ብል አላጋነንኩም። ስፌቱ የት እንዳለ ፈልጌ አጣሁት። እኔ እንዲህ አልሰፋም።

እንግዶቹ ሲሄዱ በሩን ዘጋሁ። እማማ፣ ይችሉ ኖሯል ወይ አልኳቸው።

«ሁላችንም እንችላለን፣ ልጄ። ይህን ሁሉ አገር አቋርጠሽ ልታስተምሪን መጣሽ። እናውቃለን ብለን እንዴት እናሳፍርሽ?»

ለካ ያ የትከሻ መንቀጥቀጥ ሳቅ ነበር! አንዷማ ቀጥ ያለው ስፌት እያመለጣት ተቸግራ፣ ቤቷ ጠማማ መስፋት ትለማመድ እንደነበር ነገረችኝ። ለቀባሪው አረዱት ማለት እኔ ነኝ።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 30

ሳቁ በረደና ጥያቄው መጣ። ታዲያ ምን ልሠራ ነው የመጣሁት? ልማት የሚሉት ሰው የሚያውቀውን መልሶ ማስተማር ነው እንዴ?

ዛሬ፣ ምን ጎደላችሁ ብዬ ጠየቅኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ… በመጣሁ በሦስተኛ ወሬ! መልሳቸው አንድ ቃል፦ ቤት። ሁሉም በየጓዳቸው በእግር መኪና ይሰፋሉ። የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር የተማሪዎቹን የደንብ ልብስ ከሩቅ ከተማ ያስመጣል፤ ለምን ቢሉት፣ ከአሥራ ሁለት ጓዳ ጋር እንዴት ውል ልፈራረም ይላል። አንድ በር፣ አንድ ታፔላ ነው የጎደለው። ይኸው አዳራሹ አለ!

ግን አዳራሹ የሥልጠና ነው። ሥልጠናው ሲያልቅ ይዘጋል፣ መኪናዎቹም ወደ ሌላ ቦታ ይጫናሉ። ሪፖርቴ ላይ ገና ናቸው ብዬ ብጽፍ ስድስት ወር ይጨመርልኛል። ብቆይ ደግሞ ደስ ይለኛል፣ ለራሴ ደብተር ምን እዋሻለሁ… መምህርት ሲሉኝ ሆዴ ቅቤ ይጠጣል። እውነቱን ብጽፍስ? እኔም እሄዳለሁ፣ አዳራሹም ይሄድባቸው ይሆናል።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 5

ጻፍኩት። ሠልጣኞቹ ከአሠልጣኟ ይበልጣሉ፤ አሠልጣኝ አያስፈልግም፤ አዳራሹና መኪናዎቹ ለእነሱ ይተዉ።

ኃላፊው አንብቦ መነጽሩን አወለቀ። የተለወጡ ሴቶች ቁጥር የሚለው ላይ ታዲያ ምን ልሙላ አለኝ።

«አንድ በል። እኔን ጻፈኝ።»

ማክሰኞ፣ ግንቦት 19

ከዋናው ቢሮ መልስ የለም። ጥፍሬን በልቼ ጨረስኩ።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 3

ተፈቀደ! አዳራሹ የእነሱ፣ መኪናዎቹ የእነሱ! ዳይሬክተሩም ፈርሟል፤ የመጀመሪያው ትዕዛዝ ሁለት መቶ አርባ ሸሚዝ። የእኔ መሄጃ ሰኔ 17። ይሁና!

አለቀስኩ፣ ሳቅኩ፣ ሁለቱም ተደባለቀብኝ። እማማ ዝምታ ሜትራቸውን አንገቴ ላይ ጣሉና ይለኩኝ ጀመር፤ ለስፌት ቤታቸው መክፈቻ ቀሚስ ሊሰፉልኝ ነው። ወገቤ ላይ ሲደርሱ ቆም ብለው ሜትሩን አዩት። ዚፑን ጠንካራ አደርገዋለሁ አሉ። ዝምታ የሚለውን ስም መሰረዝ ሊኖርብኝ ነው።

ሪባኑን ቁረጪ ቢሉኝ እምቢ አልኩ። እማማ በጨርቅ መቀሳቸው ይቆርጡታል፤ እኔ ከእንግዶቹ ጋር ተቀምጬ አጨበጭባለሁ። ኃላፊው ይምጣ፣ አከራዬ ትምጣ፣ ዳቦ ጋጋሪው ምድጃውን ለሰው አደራ ብሎ ይምጣ፣ እህቴም በስልክ ቪዲዮ ትግባና ማን ማንን እንዳለማ ትይ። አሞኛል፣ ሥራ አለብኝ፣ አልሰማሁም ብሎ ነገር የለም። ቅዳሜ፣ ሰኔ 14፣ ከጠዋቱ በሦስት ሰዓት!