ፍልሰታን ይዘው አዮዋ የደረሱት የአቶ ኃይለመለኮት ሙሉነህ የሕይወት ታሪክ

አቶ ኃይለመለኮት ሙሉነህ ከአባታቸው ከአቶ ሙሉነህ ወልደየስ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ማራኪ ደስታ በኅዳር ወር 1945 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተክለ ሃይማኖት ሰፈር ተወለዱ። እናታቸው ሲያጫውቱ እንደነበረው፣ ሕፃኑ በእግሩ የቆመው ጎማ ተደግፎ ነው።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ ከቄስ ትምህርት ቤት ፊደል ቆጥረው ዳዊት ደገሙ፤ ከዚያም ተግባረ ዕድ ገብተው በአውቶ መካኒክነት ተመረቁና ጎማ ተራ አጠገብ በነበረ ጋራዥ ሥራ ጀመሩ። አንድ ቀን ለጥገና ከገባ የአሜሪካዊ መኪና ወንበር ሥር አሮጌ መጽሔት አገኙ፤ ባለቤቱም “ያዘው” አላቸው። በመጽሔቱ ውስጥ፣ ጣሪያው ላይ የቤት መዝጊያ የሚያህል ክንፍ ተሸክሞ፣ ጎኑን ሰጥቶ ጭቃ እየረጨ የሚከንፍ የእሽቅድምድም መኪና ፎቶ ነበረ። ከሥሩ “ኖክስቪል፣ አዮዋ” ይላል። ቀድደው የያዙት ያ ገጽ እስከ ዕለተ ሞታቸው ከእሳቸው አልተለየም። ከደርግ ሸሽተው ድንበር ሲሻገሩ መታወቂያቸውን ጥለው እሱን ይዘዋል።

በ1981 ዓ.ም. ስዊዘርላንድ፣ ጄኔቭ ገብተው በሆቴል ልብስ አጣቢነት ሠሩ። በዚያ አገር በክብ ሜዳ መኪና ማሽቀዳደም በሕግ የተከለከለ መሆኑን የሰሙትም እዚያው ነው። “ከደርግ አምልጬ እሽቅድምድም ወንጀል የሆነበት አገር ገባሁ! እግዜር እኮ ቀልደኛ ነው” እያሉ ዕድሜ ልካቸውን ስቀውበታል። በ1983 ዓ.ም. ከወይዘሮ ፈትለወርቅ ከተማ ጋር በጄኔቭ ጋብቻቸውን ፈጸሙ። ልጃቸው ጽዮን ያለ ወሯ ተወልዳ በመስታወት ሣጥን ውስጥ በተኛች ጊዜ፣ “እመቤቴ፣ ይህችን ልጅ ካተረፍሽልኝ በሕይወት እስካለሁ ፍልሰታን አላጓድልም” ብለው ተሳሉ። ዛሬ ይህን ጽሑፍ የምታነብላችሁም ያቺው ጽዮን ናት።

በ1987 ዓ.ም. ወደ ዙሪክ ተዛውረው መኖሪያቸውን በከተማዋ ዳር ሽሊረን አደረጉ፤ ጡረታ እስኪወጡም በትራም መጠገኛ ጋራዥ በትጋት አገልግለዋል። በመንገድ ላይ እጅግ ጥንቁቅ ነጂ ነበሩ። አንድ ጊዜ ብቻ ከተፈቀደው ፍጥነት ጥቂት አልፈው የመንገድ ራዳር ፎቶ ቢያነሣቸው ፎቶውን ጠይቀው አስላኩ፤ በፍሬምም አድርገው ሳሎን ሰቀሉት። እንግዳ ሲመጣ ከሠርጉ ፎቶ አስቀድመው የሚያሳዩት እሱን ነበር።

አንድ ጭንቅ ግን ነበረባቸው። የኖክስቪል ታላቁ ውድድር የሚደረገው በነሐሴ፣ በፍልሰታ ጾም ውስጥ ነው። እመቤታችንና አዮዋ በየዓመቱ በአንድ ሳምንት ይቀጥሯቸው ነበር። ለሠላሳ ዓመት ያህል ሁልጊዜ ያሸነፈች እመቤታችን ናት፤ እሳቸውም በቤተ ክርስቲያን ቅዳሴ ያስቀድሱና ማታ የኪሳቸውን ገጽ አውጥተው አይተው ይተኙ ነበር።

በ2015 ዓ.ም. በቪንተርቱር ከተማ የሚያክማቸው የልብ ሐኪም “ከዘንድሮ ወዲያ ረጅም በረራ አልፈቅድም” አላቸው። እንግዲህ ወይ ዘንድሮ፣ ወይ በዚህ ዓለም የለም። ወይዘሮ ፈትለወርቅ በመጀመሪያ “ጭቃ ከሆነ ሊማት ወንዝ ዳር ሞልቶልህ የለም እንዴ?” ብለው ነበር። እሳቸው ምሳቸውን ትተው ሲነሡ ግን፣ ለንስሐ አባታቸው ለቀሲስ ሀብተወልድ የደወሉት ራሳቸው ወይዘሮ ፈትለወርቅ ናቸው። “አባ፣ ይሄን ጭቃ ሳያይ ከሞተ በሰማይም የሚወቅሰኝ እኔን ነው። ምን ጣጣ ነው!” አሏቸው።

ቀሲስ ሀብተወልድም አስጠርተዋቸው፣ “ኃይለመለኮት፣ የተሳልከው ፍልሰታን ልትጾም ነው ወይስ ዙሪክን ልትጠብቅ? ጾምና ጸሎት ሻንጣ ውስጥ ይገባል፤ ኪሎም አይቆጠርበትም” ብለው አሰናበቷቸው።

በዚያው ዓመት ነሐሴ ከልጃቸው ጋር ኖክስቪል ደረሱ። ውዳሴ ማርያማቸውን ደግመው፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾመው፣ አመሻሹ ላይ ነጠላ ለብሰውና ወይዘሮ ፈትለወርቅ ያሰሩላቸውን ቆሎ ይዘው ከመሮጫ ሜዳው መታጠፊያ ፊት ለፊት ተቀመጡ። ከጎናቸው የነበረ ግዙፍ አሜሪካዊ የሥጋ ሳንድዊቹን ሊያካፍላቸው ቢል ቆሎ ዘገኑለት፤ ሰውየውም ጨርሶ ደግሞ እጁን ዘረጋ።

ሜዳው እንደ ፎቶው ነበር፦ ጥቁር፣ ውኃ የጠጣ፣ የተጠቀጠቀ አፈር። መኪኖቹ ሲወጡ ግን ማስነሻ ስለሌላቸው ከኋላ በፒክአፕ እየተገፉ ነበር የሚነሡት። አቶ ኃይለመለኮት ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። “ጽዮኔ፣ ይሄማ እየተገፋ የሚነሣው የእኛ ሰይቼንቶ ታክሲ ነው! ይህን ሁሉ ባሕር የተሻገርኩት መኪና ሲገፋ ለማየት ነው?” ወዲያው የመጀመሪያው መኪና ጎኑን ሰጥቶ ሲታጠፍ፣ ጭቃው ፊታቸውን መታቸው። ጽዮን ልትጠርግላቸው ስትል “ተይው፣ ይቆይልኝ” አሏት። ዓይናቸው ያነባው ጭቃ ገብቶበት እንደሆነ እስከ መጨረሻው ተከራክረዋል፤ ጽዮን ግን እንባው ከጭቃው እንደቀደመ ትመሰክራለች።

ለፍልሰታ ፍቺ ወደ ዙሪክ ሲመለሱ ከዚያ አፈር በጃም ጠርሙስ ይዘው መጡ። በቤተ ክርስቲያን “ሱባኤ የት ያዙ?” ሲባሉ “አሜሪካ” አሉ። ጠርሙሱን ያዩት የጎረቤት ከተማ የዲቲኮን ነዋሪዋ ወይዘሮ ሂሩት ከገዳም የመጣ የእምነት አፈር ነው ብለው ሳያስፈቅዱ የታመመ ጉልበታቸውን ተቀቡ። “ኧረ ሂሩት፣ የመኪና መሮጫ አፈር ነው!” ቢሏቸው፣ “አዎ አዎ፣ እውነተኛ ባሕታዊ ገዳሙን አይናገርም” አሉ። በሳምንቱ ወይዘሮ ሂሩት የቤተ ክርስቲያኑን ደረጃ ያለ ድጋፍ ሲወጡ የታዩ ጊዜ፣ ሌላውም ሰው እየተቀባ ጠርሙሱ ወደ እኩሌታ ወረደ። አቶ ኃይለመለኮት በካዱ ቁጥር ትሕትናቸው እየተደነቀ ስለሄደ ለቀሲስ ሀብተወልድ ቢያመለክቱ፣ “ሰውም ከጭቃ ነው፤ ተዋቸው” ተባሉ። የወይዘሮ ሂሩት ጉልበት እስከ ዛሬ ደህና ነው።

አቶ ኃይለመለኮት የልብ ሕመማቸው እየጠናባቸው በሕክምና ሲረዱ ቆይተው፣ “የቀረብኝ የለም፤ ስለቴም አልጎደለም” እያሉ፣ የካቲት 11 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በ73 ዓመታቸው በቤተሰባቸው መካከል ዐረፉ። ባለቤታቸውን ወይዘሮ ፈትለወርቅን፣ ልጃቸውን ጽዮንን እና ሁለት የልጅ ልጆችን ትተው አልፈዋል።

ዛሬ በመካነ መቃብሩ ሣጥኑን ወደ ጉድጓዱ የሚያደርሰው በሞተር የሚሄድ ጋሪ እንደሆነ ተነግሮን ነበር። ወይዘሮ ፈትለወርቅ ሞተሩ እንዲጠፋ ጠይቀዋል። ስለዚህ አቅም ያላችሁ ሁሉ ጋሪውን ለመግፋት ከኋላ እንድትሰለፉ፣ ወይዘሮ ሂሩትም በደኅናው ጉልበታቸው እንዲቀድሙ ቤተሰቡ በትሕትና ይለምናል፤ ጋሼ ኃይለመለኮት ተገፍተው ይነሡ።

በየዓመቱ በነሐሴ የጠበቋት እመቤት በደጃፏ ቆማ ትቀበላቸው፤ እግዚአብሔርም ነፍሳቸውን በአብርሃም፣ በይስሐቅና በያዕቆብ አጠገብ ያኑርልን። አሜን።