ክንድህ ላይ የዳነው ቁስል

የአህመድ አባት ሁሴን፣

ለጤናህ እንደምን አለህ ብዬ ልጀምር አልችልም። ካንተ ወዲህ ሁለት ማሽላ አጭደናል። ሮቢት ያለው ማሳችን ዘንድሮ ሽንኩርት ይዟል። የውሃ መሳቢያውን አሁን የሚያስነሳው ልጃችን ነው፤ እንዳንተው እየተሳደበ።

የምጽፍልህ ስለ እሱ ነው። አስቀድሜ ግን ያንተን ልጨርስ።

ዓይንህ ቢጫ የሆነ ጊዜ ክሊኒክ ሄደን ጉበትህ ውስጥ ቫይረስ አለ ተባልን። በየስድስት ወሩ ተመለስ የሚል ወረቀት ሰጡህ፤ ለምን ብለን አልጠየቅንም። እናትህ የወፍ በሽታ ነው አለች። ዋጃ ከተማ፣ ቅጠል የሚያስረው የባህል መድኃኒተኛ ዘንድ ይዤህ የሄድኩት ግን እኔ ነኝ። ቅጠል ወቅጦ ክንድህ ላይ አሰረው፤ በማግስቱ ውሃ ቋጠረ። ሲፈርጥ ቢጫ ፈሳሽ ወጣ፤ በሽታው ወጣ ብለን በግ አረድን። ዓይንህም ነጣ። ያለ ቅጠሉም ይነጣ እንደነበር ያወቅኩት ኋላ ነው።

ቀጠሮህ ሲደርስ ሽንኩርት የሚጫንበት ቀን ላይ ዋለ። ልሂድ ልቅር ስትል፣ የደረቀውን ጠባሳ በጣቴ ነክቼ «ይኸው ድኗል፤ ሐኪም ከዚህ በላይ ምን ያሳይሃል?» አልኩህ። ሳቅክና ጆንያ መስፋትህን ቀጠልክ። ከዚያ ወዲያ ቀጠሮ ያነሳ የለም።

ከዓመታት በኋላ ሆድህ ሲነፋ ነው አንድ ሐኪም ቁጭ አድርጎ ያስረዳኝ። ጉበትም ሲቆስል ጠባሳ ያበጃል አለኝ። ክንድ አንዴ ቆስሎ ይድናል፤ ያንተን ጉበት ግን ቫይረሱ ሳያሳርፍ ሲያቆስለው ኖሯል፤ ጠባሳ በጠባሳ ላይ እየተደረበ ጠጠረ። በመሃል የተረፉት ሕዋሳት የሞቱትን ለመተካት ያለ ዕረፍት ይባዛሉ። ሲባዙ ሲባዙ አንዱ ይበላሻል፤ መቆም እንቢ ይላል። ጠባሳው ደግሞ መጠለያ ይሆነዋል። ካንሰሩ ያ ነበር። በጊዜው ብትመጡ መድኃኒት ነበረው አለ። አልተቆጣኝም፤ ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

አህመድ ባለፈው ወር ተመረመረ። እሱም ቫይረሱ አለበት። ምንም አያመውም። እናትህ ዋጃ ካልወሰድኩት ብላለች። የልጄን የወፍ በሽታማ መድኃኒተኛው አድኖለት ነበር፣ የገደለው ሌላ ነው፣ የሆድ ንፋት ነው ባይ ናት። አልተከራከርኳትም። በሽታው አንድ እንደነበር ብነግራት ጥፋቱ ለሁለት ይከፈላል፤ ልጇን ለቀበረች እናት ድርሻዋን አልሰጥም።

ቀጠሮው ሐሙስ ነው። የሽንኩርቱ መኪናም የሚመጣው ሐሙስ ነው። አህመድ ከጭነቱ በኋላ ሌላ ቀን እሄዳለሁ አለኝ፣ ጆንያ እየሰፋ። መርፌውን ከእጁ ወሰድኩበት። መኪናው ባዶውን ይመለስ፣ ሽንኩርቱም ይበስብስ ብያለሁ።

አላህ ይዘንልህ። ጎረቤት ሲያነሳህ ጨዋታህን ያነሳል። እኔ የማስታውሰው ያን ክንድህን ነው። ከሐሙስ ጀምሮም በየስድስት ወሩ፣ ልጃችን ገብቶ ጉበቱ ሲታይ፣ አልትራሳውንዱ ክፍል በር ላይ ተቀምጬ አስታውሰዋለሁ።

የአህመድ እናት