ናጋድ ላይ ዝም ያለችው አክስቴ

ማክሰኞ፣ ጠዋት

ክቡር ደብተር ሆይ፣ ዛሬም ካርቲየ 4 ሰፈር፣ ዛሬም ሐጂ ሱቅ። ጨርቅ እያወደስኩ ነው። የኢክራም አባት ስለሆኑ ፖሊስተራቸውን ሐር ነው እላለሁ፤ አማች ለመሆን የሚከፈል ግብር።

ስልክ ጮኸ። አክስቴ ዘሀራ፣ ያሳደገችኝ። ቅዳሜ ከአገር ቤት በባቡር ትመጣለች፤ ለሽምግልናው ከእኔ ወገን ያለችው እሷ ብቻ ናት። እንደ ወትሮዋ በአርጎብኛ ጀመረች፤ ድምጿ ሱቁን ሞላው። በአማርኛ እሺ፣ እሺ ብዬ ዘጋሁ። ሐጂ ማን ናት አሉ። የቤት ሠራተኛችን ናት አልኩ።

ለመዝገብ ያህል፦ ለሐጂ እንደ እሳቸው ከጀጎል ግንብ ውስጥ የተወለድኩ ሐረሪ ነኝ፤ ቋንቋው ድሬዳዋ ስኖር ጠፋኝ ብያለሁ። ለመሥሪያ ቤት ባልደረቦቼ አማራ። ሰፈሬ ካርቲየ 7 ቢስ ስገባ፣ በእናቴ በኩል ኢሳ። አርጎባ የምሆነው ስተኛ ነው። ሐጂ ልጃቸውን ለሌላ ወገን አይሰጡም ይባላል። ጠይቄ አላውቅም።

ሐሙስ

ሥራ። ወደቡ ላይ ለመርከብ ወኪል አስተርጓሚ ነኝ፤ ቻይንኛዬ ሐዲዱ ሲዘረጋ የለቃቀምኩት ነው። እጁ የተሰበረ ዓሣ አጥማጅ ሰጡኝ፣ ከታይዋን፣ በረራ የሚጠብቅ። ለሐኪሙ ቻይናዊ ነው ብዬ አስተዋወቅኩት። ታካሚው አስቆመኝ። ፓይዋን ነኝ አለ። ሣቅኩ። እሱ አልሣቀም።

የደሴቲቱ ነባር ሕዝብ ናቸው፣ ተራራ ላይ የኖሩ። አያቱ ት/ቤት የጃፓን ስም ተሰጣቸው፣ አባቱ የቻይና። አያትየው የመንደሬ ሰው ነኝ እንጂ ፓይዋን ነኝ አይሉም ነበር፤ ለመንደሮቹ ሁሉ በጅምላ ይህን ስም የሰጡት ከውጭ የመጡ ተመራማሪዎች ናቸው። ኋላ የልጅ ልጆቹ ስሙን አነሱት፣ ተሰበሰቡበት፣ የራሳቸው አደረጉት። እሱም ጎልማሳ ሆኖ የቻይና ስሙን ከመታወቂያው አስፋቀና ኩሌሌ ተባለ፤ ከኋላው የቤታቸው ስም። እነሱ ዘንድ ቤት ራሱ ስም አለው። ሰዎቹ ከተራራው ቢወርዱ፣ ጣሪያው ቢወድቅ ስሙ ይቀራል።

ሦስት ትውልድ የፈጀባችሁን እኔ ከቁርስ እስከ ምሳ እጨርሰዋለሁ ልለው ነበር። ቀደመኝ። ያንተስ ቤት ማን ይባላል? አለ። ሐኪሙ ምን አለ ሲለኝ፣ እጁን ያመዋል አልኩ።

ዓርብ

ሐጂ ነገ ናጋድ ባቡር ጣቢያ ድረስ በመኪናቸው ወስደውኝ አክስቴን ሊቀበሉ ነው። ድምጿን ቢያውቁትስ? ደወልኩላት። እባክሽ አርጎብኛ ይቅር አልኩ። አልተቆጣችም። "አማርኛዬ ስብርብር ነው ልጄ፣ ያሳፍርሃል። ዝም ብል አይሻልም?"

ይሻላል አልኩ። ደብተሬ፣ ይሻላል አልኩ።

ቅዳሜ፣ ከሰዓት

ወረደች። አዲስ ሻሽ፣ ለእኔ ክብር። እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ጎንበስ አለችላቸው። መንገዱ እንዴት ነበር አሉ፤ ፈገግ። ጤና እንዴት ነው አሉ፤ ፈገግ። መኪና ውስጥ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ በታላቅ ርኅራኄ፦ "ድዳ ናት እንዴ?"

ከልጅነቷ ጀምሮ አልኩ።

ከኋላ ወንበር ሰምታኛለች። አፌን ያስፈታችኝ ሴት።

ቅዳሜ፣ አመሻሽ

ሐጂ ከኢክራም ጋር ሆነው እንግዳዋን ሊጠይቁ ይመጣሉ። እየጠበቅን ነው። ክፍሌ ጠባብ፣ ቬንቲሌተሩ ይንጫጫል። ዘሀራ ከጎኔ ተቀምጣለች። ሁለታችን ብቻ ነን፣ አሁንም ዝም። በአርጎብኛ ራበሽ ወይ አልኳት። ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ወደ ግድግዳው ጠቆመች። ጎረቤት ይሰማል ማለቷ ነው።

ስንት ቀልድ አውቃለሁ። አንዱም አልመጣልኝም።

ስለዚህ እንዲህ ይሁን። ሲገቡ በአርጎብኛ አናግራታለሁ፣ ጮክ ብዬ፣ እስክትመልስልኝ። ሐጂ ድምጿን ያውቁታል። የሱቁን ስልክ ያስታውሳሉ፣ ሠራተኛዋንም፣ ድዳዋንም። ኢክራም ታየኛለች። ከዚያ በኋላ ያለውን አላውቅም።

መኪና ቆመ። የሐጂ ሳል ነው። ዘሀራ ሻሿን አስተካክላ አፏን ግጥም አደረገች። በሩን ከመክፈቴ በፊት በአርጎብኛ ልጠራት ነው።