በገጽ አሥራ አንድ የሚታረም

ለምወድሽና ለምትናፍቂኝ እኅቴ ለያለምወርቅ ቀናው፤
ድሬዳዋ።

እታለም፣ እንደምን ከርመሻል? ጤናሽስ እንዴት ነው? የድሬዳዋ ሙቀት ትንሽ አስተነፈሰሽ ወይስ አሁንም ፊትሽን በቀን አሥር ጊዜ እየታጠብሽ ነው የምትውዪው? ጋሽ መገርሳስ ደህና ነው? የሎኮሞቲቭ ዘይት ከጥፍሩ ለቀቀለት? ገንፎ የጀመረው ትንሹ ጌታስ? ጥርስ አወጣ ወይስ ገና በድዱ ነው የሚያስፈራራችሁ? እንኳን ለትንሣኤው በደህና አደረሳችሁ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም አለን። አለን ስልሽ ግን እንበላለን እንጠጣለን ማለቴ ነው እንጂ፣ እኔ በበኩሌ በአሥራ ስድስት ዓመቴ ወገቤ የጎረቤታችንን የእትዬ አስካለችን ወገብ መስሏል። ምክንያቱ ረጅም ስለሆነ ሥራሽን ጨርሰሽ፣ ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

አባባና በ1940 ዓ.ም. ከንግድ ሥራ ትምህርት ቤት አብረዋቸው የጨረሱት ጓደኞቻቸው ሃያ አምስተኛ ዓመታቸውን ሊያከብሩ ነው። ግንቦት 12 እሑድ እዚሁ አቃቂ ወንዙ ዳር ከነቤተሰባቸው ምሳ ይበላሉ። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የት እንደሚሠራና ስንት እንደወለደ ጽፎ ይላክ፣ ዜናው ተባዝቶ ለሁሉም ይታደል ተባለ። ጸሐፊ ማን ይሁን ሲባል ሁሉም በአንድ ድምፅ «ቀናው!» አሉ፤ ከክፍሉ አንደኛ የወጡት እሳቸው ናቸዋ። አንደኛ በመውጣታቸው እስከ ዛሬ ያገኙት ሹመት መቼም ይኸው ነው። ሹመቱን ተቀብለው ሥራውን ለእኔ ሰጡኝ። ከሚሠሩበት ባቡር ጣቢያ የተዋሱትን የጽሕፈት መኪና ቅዳሜ ቅዳሜ ተሸክመው ይመጡና «አንቺ ጣትሽ ፈጣን ነው» ይሉኛል። ምላሴን እንዲህ አመስግነውልኝ አያውቁም።

ሃያ ሁለት ሰው ጻፈ። እታለም፣ የትልልቅ ሰዎችን ዜና ተከታትለሽ አንብበሽ ታውቂያለሽ? ሁሉም «በትሕትና» ብሎ ይጀምርና እስከ መጨረሻው ድረስ ሲኮራ ይውላል። አቶ ተሰማ፣ ባንክ ውስጥ የመምሪያ ኃላፊ የሆኑት፣ አራት ገጽ ልከዋል፤ አንዱ ገጽ ስለ ሥራቸው፣ ሦስቱ ስለ ስኳር በሽታቸው ነው። እንደ አጻጻፋቸው ከሆነ ከሁለቱ በፍጥነት ያደገው በሽታው ነው። አቶ ጉተማ ናዝሬት ሁለት ወፍጮ ቤት አላቸው። ዘጠኝ ልጆች አሉኝ ብለው በስም ዘርዝረዋል፤ ብቆጥር ስምንት ሆኑብኝ። በሳምንቱ ሁለተኛ ደብዳቤ መጣ፦ «ሁንዴን ረስቼዋለሁ፤ እናቱ ሳታይ አንድ ቦታ አስገቡልኝ» ይላል። ወይዘሮ ብዙወርቅ ከክፍሉ ሦስት ሴቶች አንዷ ነበሩ፤ አሁን ሚኒስቴር መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ናቸው። የእሳቸው ሁለት መስመር ነው፦ «ሥራ አለኝ። አላገባሁም፤ አልቆጨኝም። ምሳው ላይ ቃሪያ አይብዛ።» ከሃያ ሁለቱ ሳልደክም የጻፍኩት የእሳቸውን ብቻ ነው።

አባባ እያነበቡልኝ እኔ ታይፕ እመታለሁ። መጀመሪያ ሰሞን ይስቁ ነበር። «ይሄ ተሰማ ሒሳብ ከእኔ ደብተር ነበር የሚገለብጠው!» ይላሉ። እየቆየ ድምፃቸው እየወረደ መጣ። አንዱ ዳይሬክተር ሆኗል፣ አንዱ ከውጭ አገር ተመልሷል፣ አንዱ የልጁን የምርቃት ፎቶግራፍ ከደብዳቤው ጋር ልኳል። እሳቸው ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ አቃቂ ጣቢያ የጭነት ጸሐፊ ናቸው፤ ሚዛን፣ መዝገብ፣ ማኅተም፣ እንደገና ሚዛን። አንድ ቅዳሜ መነጽራቸውን አውልቀው «ፀሐይ፣ ሰው የሌላውን ኑሮ ሲያነብ ለምንድን ነው እንዲህ የሚደክመው?» አሉኝ። «ታይፕ የምመታው እኔ፣ የሚደክሙት እርስዎ!» አልኳቸው። አልሳቁም። ከዚያ ወዲያ ሁለት ሳምንት ሙሉ አላሾፍኩባቸውም፤ ይህን ከጾሙ ጋር ደምሪልኝ።

የሁሉም አልቆ የራሳቸው ዜና ቀረ። ዛሬ ነገ እያሉ አቆዩት። እኔና እማማ ምን እንደከበዳቸው እናውቃለን። አንቺ ልትጨርሺ አንድ ዓመት ሲቀርሽ ያንኑ የእሳቸውን ትምህርት ቤት ትተሽ ከጋሽ መገርሳ ጋር ድሬዳዋ ከገባሽ ሦስት ዓመት ሆነ። በእነዚህ ሦስት ዓመታት ስምሽ ከአባባ አፍ ወጥቶ አያውቅም። ጋብቻው ብቻ እንዳይመስልሽ። ስትጨርሺ ባንክ እንዲያስገቡሽ አቶ ተሰማን ለምነው፣ አቶ ተሰማም ቃል ሰጥተዋቸው ነበር፤ አባባ በዕድሜያቸው ሰው የለመኑት ያን ቀን ብቻ ነው። አሁን ያው አቶ ተሰማ ግንቦት 12 ፊት ለፊታቸው ሊቀመጡ ነው። በመጨረሻ አንዲት ቁራጭ ወረቀት ሰጡኝ፦ «ቀናው ሳህሌ። ምድር ባቡር፣ አቃቂ። ባለትዳር። ልጆች፦ ሁለት።» ሁለቱ እኔና ትንሹ ወንድማችን ሳህሌ መሆናችን ነው።

አሁን የሠራሁትን ልንገርሽ። ተንኮል እንዳይመስልሽ፤ ለተንኮል የሚሆን ጉልበት አልተረፈኝም ነበር። የአቶ ጉተማን ዘጠኝ ልጆች ጽፌ፣ የተረሳውን ሁንዴን ሳይቀር በጠባብ ቦታ አጣብቄ አስገብቼ፣ የራሴን እኅት ላስቀር? ጣቴ እምቢ አለኝ። «ልጆች፦ ሦስት። የመጀመሪያዋ ያለምወርቅ ባለትዳር ናት፤ ድሬዳዋ በአንድ ንግድ ቤት በጽሕፈት ትሠራለች» ብዬ ማባዣው ወረቀት ላይ መታሁት። አባባ የሌላውን ሰው ገጽ ሁሉ በቀይ እርሳስ አርመው፣ የራሳቸው ገጽ ላይ ሲደርሱ «እሱን አውቀዋለሁ» ብለው አለፉት። የአቃቂ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጽሕፈት ቤት ያሉ ወዳጃቸው አባዙልንና በመጋቢት መጨረሻ ሃያ ሁለት ፖስታ ወጣ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ደብዳቤ መጣ በተባለ ቁጥር የላኪውን ስም ለማየት የምቸኩለው እኔ ነኝ።

ባለፈው ማክሰኞ የፈራሁት ደረሰ። የአቶ ተሰማ ደብዳቤ መጣ፤ አባባ ምሳ ላይ ከፈቱት። አንብበው ሲጨርሱ ተነሥተው እጃቸውን ታጠቡ፤ ገና አንድ ጉርሻ አልቀመሱም ነበር። ከዚያ «ፀሐይቱ ቀናው!» አሉ። በአባቴ ስም የምጠራው ጉዴ ሲፈላ እንደሆነ ታውቂያለሽ። ጮክ ብዬ እንዳነበው አዘዙኝ፦ «ወንድሜ ቀናው፣ ያለምወርቅ ደህና መሆኗን ገጽ አሥራ አንድ ላይ አይቼ ደስ አለኝ። እንዳላስከፋህ ብዬ ሦስት ዓመት ሙሉ ስለ እሷ ልጠይቅህ ፈርቼ ነበር። ባንኩ እንደሆነ ያለ እሷም ቆሟል። ለምሳው አምጣት፤ ስለ ስኳሬ የማይጠይቀኝ አንድ ሰው አጠገቤ ይቀመጥ።»

እማማ ዓይኗን ወጡ ላይ ተክላ ቀረች። አባባ «ማን ጻፈው?» አሉ። «እኔ» አልኩ። «ለምን?» አሉ። «ሁለት ነን ብሎ መጻፍ ደከመኝ አባባ» አልኩ። ባርኔጣቸውን አድርገው ወደ ጣቢያው ሄዱ። አራት ቀን ሙሉ የሚያዙኝን ሁሉ በእማማ በኩል አዘዙኝ። ትንሹ ሳህሌ እንኳ የቤቱ ነገር ገብቶት ኳሱን ውጭ መጫወት ጀመረ።

ትናንት ቅዳሜ የጽሕፈት መኪናውን እንደገና ተሸክመው መጡ። ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው አንድ ወረቀት ሰጡኝ፤ በምሳው ዕለት የሚታደል እርማት ነው አሉ። አባባን ታውቂያቸዋለሽ፤ በመዝገባቸው ላይ ግማሽ ኪሎ ቢሳሳቱ እንኳ ሰርዘው፣ ፈርመው፣ ቀን ጽፈው ነው የሚያርሙት። በቃ እኅቴ በፊርማ ልትሰረዝ ነው እያልኩ አነበብኩት። እንዲህ ይላል፦ «በገጽ አሥራ አንድ በቀናው ሳህሌ ስም የወጣው ዜና ጉድለት አለበት። ስለ ልጆቹ ከተጻፈው ቀጥሎ ‹የልጅ ልጅ፦ አንድ፣ ወንድ፣ ስሙ› የሚል ይጨመር።» «ስሙ» ካሉ በኋላ ቦታውን ባዶ ትተውታል።

እኔና እማማ ተያየን። ስለ ልጁ ማናችንም ትንፍሽ አላልንም ነበር። አባባ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ እንዳዞሩ «እትዬ አስካለች ሰባ ዓመታቸው ነው» አሉ። «በጥቅምት የወንድ ሕፃን ሹራብና የአጥሚት ዱቄት ወደ ድሬዳዋ የላኩት ለየትኛው ልጃቸው ነው? የመዘንኩት እኔ፣ የመዘገብኩት እኔ!» እማማ ከባሏ ደብቄ እልካለሁ ስትል፣ ሦስት ዓመት ሙሉ እያንዳንዱን ጥቅል በጎረቤት ስም ወደ ገዛ ባሏ ሚዛን ስትልክ እንደኖረች ያን ጊዜ ገባን። እኔም ያንን ጥቅል ተሸክሜ እስከ ጣቢያው በር ድረስ እትዬ አስካለችን እሸኝ ነበር፤ ከሁለታችን የትኛዋ እንደምትብስ አንቺ ፍረጂ። እማማ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ትሳቅ ታልቅስ መለየት አቃተኝ። አባባ ደግሞ ጨመሩ፦ «አንዱማ ገመዱ ላልቶ ነበር፤ እኔ ባላጠብቀው አዋሽ ሳይደርስ ተበትኖ ይቀር ነበር።»

ከዚያ «ጻፊና የልጁን ስም ጠይቂ» አሉኝ። ገብቶኛል፤ ግን «ለማን ልጻፍ?» አልኳቸው። «ለያለምወርቅ ነዋ! ደነቆርሽ እንዴ?» ብለው ጮኹብኝ። ጮኸው ሲያበቁ የገዛ ድምፃቸው ሳያስደነግጣቸው አልቀረም፤ ውኃ ስጡኝ አሉ። እኔም ስምንት ወር እንደሞላውና እስካሁን «ማሙሽ» እንደምትሉት ነገርኳቸው። «ማሙሽ ስም ነው? ስምንት ወር የሞላው ልጅ!» ብለው እንደገና ተቆጡ። ስሙን አያቱ ያውጡለት ብለሽ ማቆየትሽን ግን አልነገርኳቸውም። ያንን መናገር የአንቺ ነው። እኔ በሰው ነገር መሃል ገብቼ መጻፌ ለዚህ ዓመት ይበቃኛል፤ ጣቴም ልቤም ዝሏል።

ስለዚህ እታለም፣ ስም በደብዳቤ እንዳትልኪ። ልጁን ታቅፈሽ፣ ጋሽ መገርሳን አስከትለሽ፣ ከግንቦት 12 በፊት ባቡር ተሳፈሪ። አባባ «ትምጣ» አላሉም፤ አይሉምም፤ አንቺም የማን ልጅ እንደሆንሽ ስለማውቅ እሱን እየጠበቅሽ እንዳትቀሪ ብዬ ነው። ካልመጣሽ ያ ባዶ ቦታ ባዶ እንደሆነ ለሃያ ሁለት ሰው ይታደላል፤ እኔም ሁለተኛ ደፍሬ የምሞላበት አቅም የለኝም። ከባቡሩ ስትወርጂ መጀመሪያ የምታገኚው እሳቸውን ነው፤ ከሥራ ቦታቸው ወዴት ይሸሻሉ? ምን እንደምትያቸው ከጨነቀሽ ምንም አትበዪ፤ ልጁን አቀብያቸው። ስሙን ሲጠይቁሽ «እርስዎን እየጠበቀ ነው» በያቸው።

እማማ ጉንጭሽን አገላብጣ ትስምሻለች፤ ስትመጪ ጥቅል ይዘሽ እንዳትመጪ ትላለች፣ ጥቅል አስጠልቷታል። ትንሹ ሳህሌ አጎት መሆኑን ትናንት ሰምቶ ከሰፈር ልጆች ጋር መነጋገር አቁሟል፤ ሰላም ይልሻል። እትዬ አስካለች በሰባ ዓመቴ ወለድሽ ተባልኩ ብለው እየሳቁ ሰላምታቸውን ልከዋል። ጋሽ መገርሳን ሳሚልኝ። ማሙሽን ደግሞ እስካሁን በዚህ ስም የምንጠራው ስለሆነ በዚሁ ስሙ ሳሚልኝ። አባባ ሰላም በያት አላሉኝም፤ ይህን ደብዳቤ ለመላኪያ የሚሆን ቴምብር ግን ራሳቸው አምጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠውልኛል።

የምትወድሽ ታናሽ እኅትሽ
ፀሐይቱ ቀናው

አቃቂ፣ ሚያዝያ 28 ቀን 1965 ዓ.ም.