መምጣት አለመቻሉን መጥቶ እንዲያስረዳ ስለተጠራው ወታደር

ለተከበሩ የባንኩ የብድር ክፍል ኃላፊ

ከሁሉ አስቀድሜ ለከበረው ጤናዎ እንደምን ሰነበቱ እያልኩ፣ የእኛን ደኅንነት ለመጠየቅ ቢያስቡ ደግሞ፣ የባንክዎ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ በራችን ላይ ከተለጠፈ ወዲህ እንቅልፍ ከማጣታችን በስተቀር ደኅና መሆናችንን እገልጻለሁ። እኔ ለእንጨት መላጊያ ማሽን መግዣ ከእርስዎ ዘንድ የተበደረው አናጢ ሚስት ነኝ። ባለቤቴ ለጦሩ ከተጠራ ወዲህ ማሽኑ ሸራ ለብሶ ቆሟል፤ እርስዎም የፊታችን ሰኞ በሐራጅ እንዲሸጥ ወስነዋል።

በቅድሚያ ምስጋናዬን ላቅርብ። በግዳጅ ላይ ያለ ወታደር እስኪመለስ ድረስ የብድር ክፍያው እንዲቆምለት የሚያዘውን መመሪያ በመግቢያው በር አጠገብ፣ ያውም በመስታወት ውስጥ፣ ስለሰቀሉልን እግዜር ይስጥልን። ላም አለኝ በሰማይ ሲባል በተረት ሰምቼ ነበር፤ በመስታወት ውስጥ ሳያት ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ቅሬታዎቼም የሚከተሉት ናቸው።

፩ኛ. ማመልከቻው የሚፈረመው ተበዳሪው ራሱ በሥራ ሰዓት በአካል ሲቀርብ ብቻ ነው ተባልኩ። ባለቤቴ በሥራ ሰዓት እዚህ መገኘት ቢችል ኖሮ ማመልከቻውን ትቶ ማሽኑን እያሠራ ዕዳውን ይከፍል እንደነበር በትሕትና ለማስረዳት ሞክሬ ነበር፤ ሠራተኛዎ ግን ሕግ ሕግ ነው ብለው ባለተራውን ጠሩ።

፪ኛ. አዛዡ የላኩልኝ ማረጋገጫ ባለቤቴ ያለበትን ቦታ በስም አልጠቀሰም ተብሎ ተመለሰ። ክቡርነትዎ፣ የት እንዳለ እኔ ሚስቱም አላውቅም፣ የወለዱት አባቱም አያውቁም። ጠላት እንዳይደርስበት የተደበቀውን ቦታ መስኮት ቁጥር ሦስት ካላወቀ ሥራ አይሄድም መባሉ የጥንቃቄዎን ልክ ያሳያል። እኚሁ አባቱ ከጎኔ ቆመው ይህን ሲሰሙ፣ እሳቸው ሄደው ቢተኩትና እሱ መጥቶ ቢፈርም ይቻል እንደሆነ ጠየቁ። ለዚህ የሚሆን ቅጽ ይኑር አይኑር ሳይነገረን ወጣን።

፫ኛ. ይህኛው ከቅሬታ ይልቅ ውለታ ነው። ምክትልዎ አዝነውልኝ ወደ ጠረጴዛቸው አስጠጉኝና፣ ባለቤቴ ቢሞት ኖሮ ነገሩ ቀላል እንደነበር፣ የብድሩ የሕይወት መድን ዕዳውን በአንዴ እንደሚዘጋው ነገሩኝ። ምክሩን ለባለቤቴ አላደረስኩለትም። ትእዛዝ አክባሪ ሰው ስለሆነ ፈራሁ።

ስልክ ባገኘ ቁጥር መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ስለ ልጆቹ ነው፤ ቀጥሎ ማሽኑን ዝገት እንዳይበላው ዘይት መቀባቴን ነው። እዚያ የሚያድረው ሲመለስ የሚሠራበት ነገር እንዳለው እያሰበ ነው። ሰኞ ከተሸጠ ምን ልበለው? ተናድጃለሁ ክቡር ሆይ፤ በወግ መጻፌ አያታልልዎት። እሱን ማግኘት ሲያቅታችሁ በማሽኑ ላይ መዝመታችሁ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ነው። ስለዚህ ሐራጁን እንዲያግዱልኝ እለምናለሁ። ፊርማው የግድ ከሆነም ሠራተኛዎን ባለቤቴ ወዳለበት ይላኩ፤ ቦታውን ሲያገኙት ለእኔም ቢነግሩኝ ውለታዎን አልረሳም።

የወንበርዎ ምቾት እንዳይጓደል፣ የመስኮቶችዎም ሰልፍ እንዳያጥር እየተመኘሁ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እነሳለሁ።

የአናጢው ሚስት

ከፈረምኩ በኋላ የታወሰኝ፦ ባለቤቴ ወታደር ስለመሆኑ ተጨማሪ ማስረጃ ካሻዎት፣ «ለጀግኖቻችን ክብር» ተብሎ ከባንክዎ ዓርማ ጋር በአዳራሽዎ ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ትልቅ ፎቶግራፍ ይመልከቱ። ከፊት ረድፍ፣ ከግራ ሁለተኛው እሱ ነው። ሐራጁ የሚካሄደው በዚያው አዳራሽ ስለሆነ፣ ሰኞ ተጫራቾች ከመግባታቸው በፊት እባክዎ ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዙሩልኝ።