አንድ ጥንድ ሰንሰለት ለሁለት መኪና

ሎስ አንጀለስ፣ ፌርፋክስ ጎዳና
ጥር 7 ቀን 1970 ዓ.ም.

ለክቡር አቶ ግርማቸው ወንድይራድ
የፌርፋክስ አካባቢ ኢትዮጵያውያን መረዳጃ ማኅበር ሊቀ መንበርና የጉዞ ኮሚቴ ሰብሳቢ

ክቡር ሊቀ መንበር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ፣ ይህን ደብዳቤ በሁለት እግርዎ ቆመው ለማንበብ የሚያስችል ጤና እንዳልተለየዎት በማመን፣ ለእርስዎ፣ ለተከበሩት ባለቤትዎና የፊት መከላከያው ብቻ ለተቆለመመው መኪናዎ ዘላቂ ደኅንነትን እመኛለሁ። እኔም ሦስት የጎን አጥንቶቼ ከመሰበራቸው በቀር ደኅና ነኝ። አባቶቻችን «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ብለው ለታናሽ በታላቁ ላይ የመናገር ፈቃድ ስለ ሰጡ፣ የጨዋታው ደም ከልብሴ ስላልለቀቀ ፈቃዱም አልተሻረም ብዬ ብዕሬን አንሥቻለሁ።

ነገሩን ያልሰማ ማኅበርተኛ ቢኖር፣ ታኅሣሥ 30 ቀን፣ በበዓሉ ማግሥት፣ ዘጠኝ ሆነን በሁለት መኪና በረዶ ላይ ገና ለመጫወት ወደ ተራራ ወጥተን ነበር። ከዘጠኛችን አንዱ፣ በሎንግ ቢች መጋዘን የሚሠራው የሃያ ስድስት ዓመቱ ዘርትሁን፣ ቀኝ እግሩን ከጉልበቱ በታች እዚያው ትቶ ተመልሷል። ጥር 4 ቀን የተጻፈው የኮሚቴው ደብዳቤ ጥፋቱ የሾፌሯ የአዜብ ነው ይላል፤ በመጪው ቅዳሜም በጠቅላላ ጉባኤው ፊት ድንጋይ በማጅራቷ ተሸክማ ከዘርትሁን ወንድሞች እግር ላይ ወድቃ ይቅርታ እንድትለምን፣ እምቢ ካለችም ከማኅበሩ እንድትሰናበት ያዛል። ይህን የምጽፈው ያ ድንጋይ ከአዜብ ማጅራት ላይ እንዳያርፍ ነው። ምስጋናዬንም በተራ ቍጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ከጉዞው በፊት ስለ በረዶ መንገድ ሦስት ሰዓት ሙሉ ስላወያዩን አመሰግናለሁ። አንዱ አባል ምስማር የተተከለበት የበረዶ ጎማ ይገዛ አለ፤ ሌላው በመኪናው የዕቃ መጫኛ ውስጥ ሁለት ጆንያ አሸዋ ይጫን አለ፤ አንድ ሽማግሌ ደግሞ ጎማውን ገመድ ብንጠመጥምበት ይበቃል ብለው ሲያስረዱ ሁላችንም በጥሞና አዳመጥናቸው፤ ሽማግሌ ናቸውና። ነርስነት ስትማር ሁለት ክረምት ሚኒሶታ ያሳለፈችው አዜብ ብቻ እጇን አውጥታ፣ «ጋሼ፣ በረዶ ላይ ድራይቭ አድርጌ አውቃለሁ፤ ለየመኪናው አንድ አንድ ጥንድ ቼይን ከዚሁ እንያዝ፤ እዚያ ስንደርስ ያልቃል» አለች። እርስዎም በአባትነት ፈገግታ፣ «አይዞሽ፣ ኦን ዘ ዌይ እናገኛለን» ብለው ዘጉትና የቀረውን ሁለት ሰዓት የቡድን አለቃ ማን ይሁን በሚለው ላይ አዋሉት። ዐሥራ ሁለት የገና ዱላ ተቆጥሮ ተጫነ። በረዶ ላይ እንዳያንሸራትት ጎማ ላይ የሚታሰረው ሰንሰለት ግን አንድም አልነበረም።

ሁለተኛ፤ በተራራው ግርጌ ባለው የጎማ ሱቅ ውስጥ ለሁለቱ መኪናዎች ልክ የሚሆን አንድ ጥንድ ሰንሰለት ብቻ ተርፎ ባገኘን ጊዜ ያሳዩትን ፍትሕ የልጅ ልጆቻችን ይተርኩታል። አዜብ፣ «ሶ ሁለቱንም ለአንዱ መኪና እንሰር፤ ሌላውን እዚህ ፓርክ እናድርገውና በየተራ እንመላለስ» ብላ ለመነችዎት። እርስዎ ግን፣ «አንቺ ልጅ፣ እኛ ስንበላ እነሱ አፋችንን ይዩን? ደግሞ በገና! ሼር እናደርጋለን እንጂ!» ብለው ሰንሰለቱን እንደ ድፎ ዳቦ ለሁለት ከፈሉት፤ አንዱን ክንድ ለአዜብ መኪና የኋላ ቀኝ ጎማ፣ ሌላውን ክንድ ለእርስዎ መኪና የኋላ ግራ ጎማ። ባለሱቁ ትንባሆውን ከጉንጩ ወደ ጉንጩ እያዛወረ ያየን ነበር፤ ምናልባት የሃይማኖት ሥርዓት መስሎት ይሆናል።

ክቡር ሆይ፣ እርስዎ የገበሬ ልጅ ነዎት። ሁለት ወንድማማቾች አንድ ጥማድ በሬ ቢወርሱና ጠብ እንዳይነሣ አንድ አንድ በሬ ይዘው ወደየማሳቸው ቢሄዱ የማንኛቸው መሬት ይታረሳል? ፍቅራቸው ግን ያስቀናል።

ሦስተኛ፤ ስለ ቁልቁለቱ። ሽቅቡን በመግፋት ተወጣነው፤ የሚገፋ ትከሻ አላጣንም። ገና ወደምንጫወትበት ሜዳ በሚወስደው ቁልቁል መታጠፊያ አዜብ ፍሬኑን በእግሯ ጫፍ ነካ ስታደርገው፣ ሰንሰለት የታሰረለት ጎማ መሬቱን እንደ ነብር ቧጥጦ ያዘ፤ ባዶው ጎማ ግን ሸሸ፤ መኪናውም በአንድ ክንዱ እንደ ተያዘ ሰው ዞሮ በጎኑ ከቋጥኙ ጋር ተላተመ። ብረት አጥንት ሲያኝክ ሰምተው ያውቃሉ? እኔ በሰባ አንድ ዓመቴ ሰማሁ፤ አጥንቱም የእኔ ነበር። በክብር የተጫኑት ዐሥራ ሁለት ዱላዎች ከኋላችን ተነሥተው እንደ ጦር ተወረወሩ፤ አንዱ የአዜብን ቅንድብ እስከ አጥንቱ ሰነጠቀው፤ ሌላው የፊት መስተዋቱን በርቅሶ ወጣ። የመስተዋት ስብርባሪ ከጥርሴ ስለቅም ዘርትሁን ዘሎ ወረደ፤ መኪናው ወደ ገደሉ እንዳይንሸራተት ካፖርቱን አውልቆ ከጎማው ሥር ሊሰገስግ ተንበረከከ።

በዚህ ጊዜ እርስዎ ድርሻዎን ይዘው ከኋላ መጡ። ጥሩንባዎን ሳያቋርጡ ስለ ነፉ አመሰግናለሁ፤ መሞቻችንን ዐውቀን እንድንጠብቅ ረድቶናል። መኪናዎ እንደ እኛው ዞሮ፣ በጎኑ ሳይሆን በግንባሩ መጥቶ፣ የዘርትሁንን እግር ከእኛ መኪና ጋር አጣብቆ ጨፈለቀው። የጮኸው አንዴ ብቻ ነው። ድንጋይና አፈር የሰው ደም ይጠጣሉ፣ ይሸሽጋሉ፤ በረዶ ግን አይሸሽግም፤ እያንዳንዷን ጠብታ ለይቶ እንደ ክስ ወረቀት ዘርግቶ ያሳያል። አዜብ፣ በአንድ ዓይኗ ደም እየገባ፣ ነጠላዋን ተርትራ ጭኑን አሰረችው፤ ሐኪም እስኪደርስ አርባ ደቂቃ ያህል በሁለት እጇ እንዳነቀችው ቆየች። እርስዎ ከመኪናዎ ወርደው የተናገሩትን የመጀመሪያ ቃል ለታሪክ አቆየዋለሁ፤ «ማነው ፍሬን የያዘው?» ነበር።

አራተኛ፤ የኮሚቴውን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ አነበብሁት። አንድም የሰዋስው ግድፈት፣ አንድም ያለ ቦታው የወደቀ ነጥብ አላገኘሁበትም። ላለፉት ሁለት ዓመታት ደብዳቤዎችዎን ሳርም የኖርሁት እኔ ነኝና ከእርማቴ በተማሩት ዐማርኛ መፍራት ሲገባኝ መኵራቴ ጸጽቶኛል፤ ሐሰት በእንዲህ ያለ ንጹሕ ዐማርኛ ሲጻፍ ያየሁት ለመጀመሪያ ጊዜ ነውና። «ሾፌሯ ከሴትነት ድንጋጤ የተነሣ ፍሬን በመያዟ» የሚለው ሐረግ ባለቤቱ፣ ማሠሪያው፣ አገባቡ ሁሉ የተሟላ ነው። የጐደለው ሰንሰለቱ ብቻ ነው፤ በሁለት ገጽ ደብዳቤ ውስጥ «ሰንሰለት» የሚል ቃል አንድ ጊዜ እንኳ አልተጻፈም።

አምስተኛ፤ ከዘርትሁን የተላከ ምስጋና አለ። ትናንት ሆስፒታል ሄጄ ስጠይቀው አንሶላው ከጉልበቱ በታች ጠፍጣፋ ሆኖ አየሁና አንገቴን ደፋሁ። እሱ ግን ሣቀብኝ፤ «ጋሼ፣ ዶንት ወሪ። ለሊቀ መንበሩ ይንገሩልኝ፤ ከእንግዲህ አንድ ጥንድ ጫማ ለሁለት ሰው ይበቃል፤ ሼር የሚያደርገኝ ባለ ቀኝ እግር ይፈልጉልኝ» አለ። ከዚያ ሣቁን አቋርጦ፣ «አዜብን ግን እንዳይነኳት። እሷ ባትይዘኝ ኖሮ ወንድሞቼ ይቅርታ ሳይሆን ሬሳ ነበር የሚቀበሉት» ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳው መለሰ። ይህን ቃል ወንድሞቹም ሰምተዋል፤ እንግዲህ ድንጋዩ ለማን እንደሚቀርብ እርስዎ ያውቃሉ።

አሁን ለራሴ ልመለስ፤ እርስዎን ብቻ ከስሼ ባበቃ ግማሽ ሰንሰለት እንደ ማሰር ይቈጠርብኛልና። በአገር ቤት በመንገድ ሥራ መሥሪያ ቤት ሃያ ሁለት ዓመት የጽሕፈት ክፍል ኃላፊ ሳለሁ ለጭቃ መንገድ የወጣውን የተሽከርካሪዎች መመሪያ ወደ ዐማርኛ የመለስሁት እኔ ነኝ። ዐሥራ አራተኛው አንቀጽ «ሰንሰለት ምንጊዜም በጥንድ፣ ሞተሩ በሚያዞራቸው ጎማዎች ሁለቱም ላይ ይታሰራል፤ በአንድ ጎማ ብቻ ማሰር ካለማሰር ይከፋል» ይላል፤ ቃሉ የእኔ ነው፤ ዛሬም በቃሌ እወጣዋለሁ። በዚያ ሱቅ ደጅ አዜብ ዐይን ዐይኔን እያየች፣ «ጋሼ፣ እርስዎ እንኳ አንድ ነገር ይበሉ» ስትለኝ፣ እርስዎ ቀድመውኝ፣ «ጋሼ ይመርቁልን» አሉኝ። ሊቀ መንበርን በሰው ፊት ማሳፈር ከበደኝና ቆቤን አውልቄ «ተካፍሎ የሚበላ አይራብ፤ በሰላም ያግባን» ብዬ መረቅሁ። ሁላችሁም አሜን አላችሁ። ዘርትሁን ከሁሉ አብልጦ ጮኾ አሜን አለ።

ስለዚህ በትሕትና የምለምነው ይህን ነው። የጥር 4ቱ ደብዳቤ ይሻር፤ በምትኩ ሰንሰለቱን ማን እንደ ከፈለ፣ ማን እንደ መረቀና ማን እንደ ተቃወመ ሦስቱ ስሞች በግልጽ ተጽፈው በጉባኤው ፊት ይነበቡ። አዲሱን ደብዳቤ እንደ ቀድሞው አርምልዎታለሁ፤ በዚህ ጊዜ ግን ከፊደሉ በፊት እውነቱን አርማለሁ።

ለትዕግሥትዎ፣ ለቸርነትዎና ለእኩል አካፋይ እጅዎ ያለኝን ጥልቅ አድናቆት ደግሜ እየገለጽሁ፣ በተሰበረ ጎንና ባልተሰበረ አክብሮት እሰናበትዎታለሁ።

ክንፈ ሚካኤል ማንያዘዋል
የቀድሞ የጽሕፈት ክፍል ኃላፊ፣ የአሁን ጡረተኛ

ግልባጭ፦ ለማኅበርተኞች በሙሉ፣ ለአዜብ፣ ለዘርትሁን ወንድሞች

ማስታወሻ፤ ከተሰባበረው መኪና የተፈታው የእኛ ድርሻ ሰንሰለት ከአልጋዬ ሥር ይገኛል። ቅዳሜ በማጅራቴ ተሸክሜው ከዘርትሁን ወንድሞች እግር ላይ ልወድቅ ወስኛለሁ፤ ከድንጋይ አይቀልልም፣ ሞክሬዋለሁ። ሌላው ክንድ ከእርስዎ መኪና የዕቃ መጫኛ ውስጥ ነው። እኔ ስሸከም እርስዎ አፌን እያዩ እንዳይቀሩ፣ እባክዎ ድርሻዎን በአንገትዎ አድርገው ይምጡ።