የሺዬ፣ ሱቅሽን ዘጋሁት

የሺዬ፣

ከተለየሽኝ ሃያ ወር ሞላ። በነሐሴ ዝናብ ሸኘሁሽ፤ አሁን ሚያዝያ ነው፣ ፋሲካም አለፈ። በልቤ ሳወራሽ ከርሜያለሁ። በወረቀት ያልጻፍኩልሽ የምነግርሽ ነገር ስለከበደኝ ነው። ልንገርሽ፤ ሱቅሽን ዘጋሁት።

“ሱቋን እንዳትዘጋ” ያልሽኝን አልረሳሁም። ሐኪም ቤት ተኝተሽ፣ ትራስሽን ላቀናልሽ ጎንበስ ስል እጄን ይዘሽ ነው ያልሽኝ። እኔም “እሺ” አልኩሽ። ቃሌን ያጠፍኩት እኔ ስለሆንኩ፣ እንዴት እዚህ እንደደረስኩ ከመጀመሪያው ልነግርሽ ይገባል።

አርባሽ በወጣ በሳምንቱ ከፈትኩት። መላጊያዬን፣ መጋዜንና መሮዬን በጆንያ ጠቅልዬ አልጋ ሥር ከተትኩ። መደርደሪያዎቹን በእጄ የሠራሁልሽ እኔ ነኝ፤ በላያቸው ስለተደረደረው ጨርቅ ግን ምንም አላውቅም ነበር። አንቺ ቀይ፣ ወይን ጠጅ፣ ሐምራዊ እያልሽ የምትለያቸው ለእኔ ሁሉም ቀይ ነበሩ። በገበያ ቀን ሴቶቹ ከደጅ ቆመው ወደ ውስጥ ያዩና “ሴት የለችም?” ይሉኛል። “እኔ አለሁ፣ ግቡ” ስላቸው እርስ በርስ ይተያያሉ፤ “ደህና፣ እንመለሳለን” ብለው ይሄዳሉ። አይመለሱም። አልፈረድኩባቸውም። ሴት የውስጥ ልብሷን ጨርቅ ከእኔ ከጢማሙ አናጢ እጅ መግዛት ትፈር እንጂ ምን ታድርግ።

ልጃችን ሰላም ለዕረፍት ከባሕር ዳር ስትመጣ ብቻ ሱቁ ነፍስ ይዘራ ነበር። ሁለተኛ ዓመት ኮሌጅ ደርሳለች፤ አስተማሪ ልትሆን ነው። ቆማ ጨርቅ ስትዘረጋ እጇ የአንቺ እጅ ነው። ተመልሳ ስትሄድ እኔና ዝምታው እንቀራለን። እንዲያም ሆኖ እችለዋለሁ ብዬ ነበር። አንድ ዓመት ከምናምን ቻልኩትም።

ባለፈው ታኅሣሥ ከስማዳ አንዲት እናት መጣች፤ አለሚቱ ትባላለች። የድሮ ደንበኛሽ ናት። መሞትሽን ከእኔ አፍ ስትሰማ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰችልሽ። ልጇን ለጥር ልትድር ነበር። ዕንባዋን ጠራርጋ ከተነሣች በኋላ ከላይ ያለውን አረንጓዴ ጣቃ አሳየችኝና “ከዚህ ለሽንሽን ቀሚስ የሚበቃ ቁረጥልኝ፤ የሺ ልኩን ታውቅልኝ ነበር” አለችኝ። እኔ ልኩን አላውቅም። “አላውቅም፣ ሰፊ እንጠይቅ” ማለት ነበረብኝ። አፈርኩና ለተራ ቀሚስ የሚሆነውን ያህል ቆርጬ ጠቅልዬ ሰጠኋት። እሷም መርቃኝ ሄደች።

ጥር በገባ በሦስተኛው ቀን ጨርቁን እንደያዘች ተመለሰች። ሰፊው “ይህ ለሽንሽን አይበቃም” ብሎ መልሷታል። ሠርጉ ጥምቀት በዋለ በሳምንቱ ነው። አልተቆጣችኝም፤ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። “ምን ላድርግ ወንድሜ፣ ለልጄ አረንጓዴ ነው ብያታለሁ” ብቻ አለች። የጣቃውን ትራፊ ደግሞ ለሌላ ሰው ሸጬዋለሁ፤ ፈልጌ ላገኝላት በሦስተኛው ቀን እንድትመለስ ቀጠርኳት።

በማግስቱ ሱቁን ቆልፌ በሚኒባስ ደብረ ታቦር ወረድኩ። ቁራጩን በእጄ ይዤ ቀኑን ሙሉ ሱቅ ለሱቅ ዞርኩ። ሁሉም “ይሄ ይቀራረባል” ይሉኛል፤ አይቀራረብም፣ ለእኔ ዓይን እንኳ ልዩነቱ ታየኝ። ባዶ እጄን ተመለስኩ። ያኔ ነው ሣጥንሽ ትዝ ያለኝ። ከዚያው ጣቃ፣ ሳትታመሚ፣ ለራስሽ ሽንሽን ብለሽ የቆረጥሽው ነበር። ለጥምቀት ልታሰፊው አስበሽ ሕመሙ ቀደመሽ። ከፈትኩት። እንዳጠፍሽው ነበር፤ በእጥፋቱ መሃል ክሩን ሳይቀር አስቀምጠሻል። ዘርግቼ ስለካው፣ እኔ ከቆረጥኩት እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው።

ለሰላም ደወልኩላት። ለእሷ የሚቀር ያንቺ ነገር ብዙ አይደለምና ሳልጠይቃት ማድረግ አልቻልኩም። “አባዬ፣ ስጣት” አለችኝ።

አለሚቱ በቀጠሮዋ ስትመጣ ጨርቁን ሰጥቻት እውነቱን ነገርኳት፤ የሺ ለራሷ ያስቀመጠችው ነው፣ አንድም ቀን አልለበሰችውም አልኳት። እጇን ከጨርቁ ላይ አነሣች። ሙሽራ የሟች ጨርቅ ብትለብስ ሰው ምን ይላል የሚለው ይመስለኛል ያሳሰባት። ከዚያ “የመረጠችው እሷ ናት?” አለችኝ። “እሷ ናት” አልኳት። “እንግዲያው ልጄ ትልበሰው። የሺ ክፉ አትመርጥልኝም” ብላ ታቀፈችው።

ለሠርጉ ጠራችኝ፤ ሄድኩ። ሙሽራዋ ባንቺ አረንጓዴ ስትወጣ ሴቶቹ እልል አሉ። እኔ ግን፣ የሺዬ፣ ዓይኔ ወደ ቤታቸው በር ይሄድብኛል። መቃኑ ጠሟል፤ እንግዳ በገባ በወጣ ቁጥር መዝጊያው መሬት ይፍቃል። እዚያው አድሬ በማግስቱ ጠዋት ከጎረቤት መዶሻና መጋዝ ተዋስኩና በሩን ነቅዬ አቃናሁላቸው። ስጨርስ አለሚቱ በአንድ ጣቷ ገፋችው፤ ድምፅ ሳያሰማ ተከፈተ። ስቄ ነበር። ከሞትሽ ወዲህ እንደዚያ አልሳቅሁም። ወደ ቤቴ፣ ወደ ንፋስ መውጫ ስመለስ መንገድ ላይ ወሰንኩ፤ ጾሙ እስኪፈታ እሸጣለሁ፣ ከፋሲካ በኋላ እዘጋለሁ አልኩ።

መጀመሪያ የነገርኩት ለእህትሽ ለእትዬ ማሬ ነው። እንደምትከፋ አውቃለሁ፤ ከሌላ ከምትሰማ ከእኔ ትስማ ብዬ ነው። “እሷ ልብሷን ሳትቀይር የደከመችበትን?” አለችኝ።

“ልክ ነሽ እትዬ።”

“እሺ ብለሃት የለም እንዴ?”

“ብያታለሁ። አሁን ግን እዘጋዋለሁ።”

“ታዲያ ለእሷ ምን ትላታለህ?”

“የሆነውን እነግራታለሁ” አልኳት። ሳትሰናበተኝ ወጣች፤ ጾሙን ሙሉ ቤቴን አልረገጠችም።

ሰላም ደግሞ ልታጽናናኝ ብላ “እማዬ አትዝጋ ያለችህ ብቻህን ቤት ቁጭ ብለህ እንዳትተክዝ ነው እንጂ ለሱቁ አይደለም” አለችኝ። እንደዚያ ሊሆን ይችላል። ላይሆንም ይችላል። አንቺ ታውቂያለሽ። እኔ ግን ከዚህ ጀርባ መደበቅ አልፈለግሁም። እሺ ብዬሽ ነበር፤ እሺታዬን አጥፌያለሁ። ያጠፍኩት ስላልወደድኩሽ ወይም ስለሰነፍኩ አይደለም። ባንቺ ቦታ ቆሜ ያንቺን ሥራ እያበላሸሁ፣ የራሴንም ሥራ ትቼ መኖሬ ትክክል ሆኖ ስላላገኘሁት ነው። ብትቆጪኝ እቀበላለሁ፤ ሐሳቤን ግን አልለውጥም።

በዳግማዊ ትንሣኤ ማግስት የተረፈውን ጨርቅ ከመካነ ኢየሱስ የመጣ ነጋዴ ወሰደው። በመጨረሻው ቀን “ሴት የለችም?” ይሉኝ ከነበሩት ብዙዎቹ መጥተው ነበር። አንዷ ምንም ሳትገዛ መደርደሪያውን በእጇ ዳብሳ ሄደች። ቤቱን ግን አላከራየሁትም። መሣሪያዎቼን ከአልጋ ሥር አውጥቼ ዝገታቸውን አራግፌ እዚያው አስገባኋቸው፤ አሁን የአናጢ ቤት ነው። የመጀመሪያ ሥራዬን ቤተ ልሔም ገዳም ያሉ አንድ የኔታ አዘዙኝ፤ የዋንዛ አትሮኖስ ነው። እጄ ትንሽ ሥራ ረስቷል፤ ሁለት ጊዜ አበላሽቼ ሦስተኛው ተቃና። የኔታ መጥተው መጽሐፋቸውን ዘርግተው ሞከሩትና “ደግ ነው፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ” ብለውኛል።

ባለፈው እሑድ ደግሞ የማርያም ጽዋ ማኅበርሽን ሴቶች ሄጄ አነጋገርኩ። ያንቺን ቦታ ለሌላ አልሰጡትም ነበር። በእሷ ፈንታ ጻፉኝ አልኳቸው፤ ትንሽ ተሳሳቁብኝና ጻፉኝ። ተራሽ ሰኔ ሃያ አንድ ቀን ይውላል። ዳቦውን ሰላም መጥታ ትጋግራለች። ትናንት እትዬ ማሬ ከጾሙ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ በሬን አንኳኩታ፣ ሳትቀመጥ፣ “ጠላውን እኔ እጠምቃለሁ” ብላኝ ሄደች።

በየዓመቱ እንዲሁ አደርጋለሁ፣ የሺዬ፣ አቅም እስካለኝ ድረስ። ጽዋው ሲነሣ ካህኑ ዝክሩ የማን እንደሆነ ይጠይቃሉ። ተነሥቼ ስምሽን የምጠራው እኔ ነኝ።

ባለቤትሽ